ሃያ ስድስት ቢጫ ቲሸርት

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም የለም። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ፣ አላጠናሁም። መንገዱ ስለተቆፈረ ባጃጁ ሰፈር ድረስ አልገባም ብሎ አስፋልቱ ላይ አወረደኝ። በፀሐይ በእግሬ መጣሁ።

አባዬ ከመልካሳ ሲመለስ እንደ ሁልጊዜው ኪሱ ሙሉ ቦሎቄ ነው። የምርምሩ እርሻ ላይ ስለሚሠራ ኪሱ ሳይፈተሽ ልብሱ አይታጠብም። ዛሬ ከቦሎቄው ጋር አንድ ትንሽ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ አፈር በአፈር። የሜቲ ደብተር።

«ይሄን አንተ ያዘው» አለኝ። «ጉዞውን እናደርገዋለን።»

የቱን ጉዞ... ልል ነበር። ገባኝ።

ሜቲ ታላቅ እህቴ ናት። ነበረች። ጥቅምት ውስጥ ሦስት ቀን ታማ ሞተች። ሃያ ዓመቷ ነበር። ይሄን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፣ ማንም አያነበውም።

አባዬ ደብተሩን ሰባት ወር ሙሉ ኪሱ ይዞት ሲዞር ነበር ማለት ነው?

ግንቦት 17፣ እሑድ

ደብተሩን አነበብኩት። ያቺ ልጅ ስትጽፍ ማዘዝ ትወዳለች። «ቢሾፍቱ። የውሃ ፓርኩ። ሁላችንም። አንድም ሰው አይቀርም።» ከዘመዶቻችን እንደዚህ ዓይነት ቦታ የገባ ሰው የለም። ትልቁ መዝናናታችን ሶደሬ ነው፣ እሱም ዳር ቁጭ ብሎ መብላት።

ከዚያ የሃያ ስድስት ሰው ስም፣ ኮስተሩ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ።

«ኤባ፦ መስኮት ጋ። ያስመልሰዋል።»

አንድ ጊዜ ነው ያስመለሰኝ! ያውም ስምንት ዓመቴ እያለ።

«እማዬ፦ ፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ። እንዳትፈራ።»

«እኔ፦ በር ጋ። ሰው እቆጥራለሁ።»

እዚያ ላይ ደብተሩን ዘጋሁት።

ለእማዬ ነገርኳት። ልብስ ስታጥብ ነበር። ሁለት ጥቁር ቀሚስ ነው ያላት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ትለብሳለች። ቀና ብላ ሳታየኝ «እናንተ ሂዱ» አለች። በቃ ይሄው ነው።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ቀን ለመቁረጥ ተሰበሰቡ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከሰባት ቀን አንድ ቀን ለመምረጥ!

የአባዬ ታላቅ እህት አዳዳ ጉዲቱ ከኩየራ በስልክ ነበሩ፣ ድምፃቸው ጠረጴዛው መሀል። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ ለእኛ ለአድቬንቲስቶች ሰንበት ነው። ቅዳሜን ሰርዘው።» ሰረዝኩ።

እትዬ ዘርፉ፣ የእማዬ እህት፣ «እሑድማ ቅዳሴ አለብኝ» አለች። ሰረዝኩ። ኮስተሩን የሚነዳልን ጎረቤታችን ኢሊያስ ዓርብ ጁምዓ አለበት። ማክሰኞና ረቡዕ አባዬ እርሻ ላይ መገኘት አለበት። ሐሙስ የእትዬ ዘርፉ ዕድር ነው።

«እንግዲህ ሰኞ ቀረች» አለ አባዬ። «ትምህርት ከተዘጋ በኋላ። ሰኔ ሠላሳ።»

እትዬ ዘርፉ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰኔ? ሰኞ? ሌላ ቀን ጠፍቶ ሰኔና ሰኞን ልንጠራ ነው?»

«ዘርፉዬ፣ እሱ እኮ ሰኔ አንድ ሰኞ ሲውል ነው።»

«ሰኔ ሰኔ ነው፣ ሰኞም ሰኞ ነው!»

ያኔ እማዬ ከጓዳ ሆና፣ ጮክ ሳትል፣ «ሰኔና ሰኞ እዚህ ቤት ጥቅምት ላይ ገብቷል» አለች።

አዳዳ ጉዲቱ ብቻ ከጠረጴዛው ላይ «ሄሎ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ? ሄሎ!»

ሳቄ መጣ። እንዲህ ባለ ሰዓት ለምን ይመጣል? ደብተሩን ፊቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሱቅ ስሄድ ሁለት ሴትዮዎች። «እነ ወዬሳ ዓመቷ ሳይደርስ ሽርሽር ሊወጡ ነው አሉ።» ወዬሳ ያሉት አባዬን ነው። ያላወቁኝ ይመስለኛል። ወይም አውቀውኛል።

እኔም ያልገባኝ እሱ ነው። የምንሄደው ልናዝን ነው ልንጫወት? እዚያ ደርሰን ከመንሸራተቻው ላይ ስወርድ እጮሃለሁ? ሰው እየሳቀ ቢያየኝስ? አባዬን ጠየቅኩት። ቦሎቄ እየለቀመ «ቀጠሮ ነው፣ እሷ የያዘችው ቀጠሮ ነው» አለ። ይሄ መልስ ነው?

ማታ እትዬ ዘርፉ ደወለች። «ለመሆኑ ምን ተለብሶ ነው የሚገባው?»

«የዋና ልብስ።»

«የት ነው የሚለበሰው እሱ?»

«ውሃው ውስጥ ነዋ እትዬ።»

«በል ተወው። እኔ በነጠላዬ ነው የምገባው፤ እዚያው የሚያወጡኝ ያውጡኝ። ደግሞ ጾም ነው፣ ሽሮውን እኔ ነኝ የማመጣው። ለጉዲቱም ንገራት፣ ዶሮ ይዛ እንዳትመጣ።»

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ቲሸርት። ደብተሩ «ቢጫ። እንዳንጠፋፋ» ይላል። የእያንዳንዱን ልክ ሳይቀር ጽፋለች፤ የራሷ «ትንሹ»።

ሰይፈሚካኤል ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ሌላ የማውቀው ስለሌለ ነው እንጂ... ሜቲ አርባዋ ሲወጣ ፎቶዋ ያለባቸውን ጥቁር ቲሸርቶች ያተመልን እሱ ነው። አንዱ ለናሙና ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሜቲ ጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ደንበኛ ሲገባና ሲወጣ ታያለች። ለእኔ የደረሰኝን ለብሼው አላውቅም። አባዬ ሲቆጣኝም አልለበስኩትም። መሳቢያ ውስጥ ነው።

«የእነ ወዬሳ ቤተሰብ» አለ ሲያየኝ።

«አዎ። ሃያ ስድስት። ቢጫ።»

«ቢጫ?» ትንሽ ገረመው። «እሺ። ፊትና ጀርባ?»

«አዎ።»

«የሚቀየር ጽሑፍ ካለ በቴሌግራም ላክልኝ።»

«እሺ» ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ግድግዳውን እንዳላይ።

ሃያ ስድስት ማለቴ ትዝ ያለኝ ሃምሳ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ እሷም አለች። እኛ ሃያ አምስት ነን። ተመልሼ «አንዱን ቀንስ» ልበል? እንዴት ተብሎ ይባላል?

አልተመለስኩም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ቲሸርቱ ላይ ምን ይጻፍ? አባዬ፦ «መልካም ጉዞ»። እትዬ ዘርፉ፦ ከዳዊት። አዳዳ ጉዲቱ በኦሮምኛ ይሁን አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሰው ደረቴን እንዲያነብ አልፈልግም» አሉ። እማዬ የሆነ ነገር እንድትል ጠበቅኩ። ተነስታ ወጣች።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ጽሑፉን አልላኩም። ነገ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

እማዬን ለመንኳት። ለምኛት አላውቅም።

«ሁሉም ከሄደ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«ቤቱ የት ይሄዳል እማዬ?»

ጎመኑን መክተፍ አላቆመችም። «እሷ የሌለችበት ውሃ ምን ያደርግልኛል። አትጨቅጭቀኝ ኤባዬ።»

ከጥቅምት ወዲህ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር፣ መቃብርና ቤት። ሌላ የትም ሄዳ አታውቅም። እሷ ካልመጣች ጉዞው ምንድነው? ሃያ አራት ሰው እሷን ጥሎ የሸሸ ነው የሚመስለኝ። ለሜቲስ ምን እላታለሁ? «አንድም ሰው አይቀርም» ብላ ጽፋ... ለሞተ ሰው ምን እንደምል ማሰብ ጀመርኩ። ጤነኛ ነኝ?

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ጉድ ሆነ።

ቲሸርቶቹን ተቀበልኩ። ቤት ስደርስ ፌስታሉን ቀደድኩት። ሜቲ። ሁለተኛውን አወጣሁ፣ ሜቲ። ሦስተኛው... ሃያ ስድስት ሜቲ፣ ቢጫ ላይ፣ ጥርሷን ገልጣ። ጀርባው ላይ «ሜቲ ወዬሳ፣ 1997–2017። ሁሌም ከእኛ ጋር ነሽ።» ያው የአርባዋ ጽሑፍ።

ሮጬ ተመለስኩ። ሰይፈሚካኤል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የሚቀየር ካለ ላክ አልኩህ፣ ምንም አላክህም። ለሙት ዓመቷ ቢጫ መረጡ ብዬ ነው። ለምን ነበር?»

ለውሃ ፓርክ ልበለው? ሳልነግረው ወጣሁ። ነገ እሑድ ነው፣ ዝግ ነው። ከነገ ወዲያ ጉዞ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዲት መስመር መጻፍ አቅቶኝ። ፌስታሉን አልጋ ሥር ከተትኩት። አልደረሰም እላለሁ። እማዬ ካየችው አለቀ... ጭራሽ ትታመማለች።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ካየችው አለቀ ብዬ ነበር።

ለጉዞው ብርድ ልብስ ስትፈልግ አልጋዬ ሥር እጇን ሰደደች። እኔ በር ላይ ደረስኩ። መሬት ተቀምጣ አንዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች።

«እማዬ፣ ስህተት ነው፣ እኔ ነኝ፣ ጽሑፉን ሳልልክ...» የቱን ከየቱ እንዳስቀደምኩ አላውቅም። ስለ ሰይፈሚካኤል፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሃያ ስድስቱ፣ ሁሉንም ለፈለፍኩ። ቃሬዛ የያዘ ሰው እንደዚያ አያልበውም።

እሷ እየሰማችኝ አልነበረም። ፎቶውን በመዳፏ ታሻለች።

«ይሄ የአርባዋ ፎቶ ነው?»

«አዎ። ያው ነው።»

«እንዲህ ትስቅ ነበር እንዴ እዚህ ላይ? ጥቁሩ ላይ አላየሁትም።»

እኔም አላየሁትም ነበር። ለብሼው ስለማላውቅ።

ከዚያ ክምሩን ማገላበጥ ጀመረች፣ ገበያ ላይ ልብስ እንደምትመርጥ። «ሰፊው የታለ? እነዚህ የልጅ ናቸው።»

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ። አንተ ምን ያደርቅሃል፣ ቶሎ ፈልግ።»

ትንሹን፣ የሜቲን፣ ለብቻ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ተመለስን። አላስመለሰኝም። ደክሞኛል፣ ነገ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ኮስተሩ በር ላይ ሲቆም ሁሉም ቲሸርቱን አዩ። እትዬ ዘርፉ አፏን ያዘች። «ማነው ይሄን ያሰበው?» እኔ መሬት አየሁ። እማዬ ግን ከቤት ወጣች፤ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ከላዩ ቢጫው። ለእትዬ ዘርፉ አንዱን ወረወረችላት። «ልበሺ፣ ቀኑ እየሄደ ነው።» ሌላ ክርክር አልነበረም። አዳዳ ጉዲቱ እሑድ ማታ ነበር የደረሱት፣ ደረታቸው እንዲነበብ የማይፈልጉት፣ ከሁሉም ቀድመው ለበሱ።

እማዬ ፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ። አባዬ ከጎኗ። በሩ ጋ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፣ ሁሉም እያየ ያልፈዋል። ኢሊያስ በመስታወት አየኝ። «ማነው የሚቆጥርልኝ?» ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆጠርኩ። ሃያ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ። «ሞልቷል» አልኩ። የቱ ነው ትክክሉ? አላውቅም፣ ሄድን።

የፓርኩ በር ላይ ጠባቂው ወጣት ነው። ሃያ አምስት ሰው የአንዲት ልጅ ፎቶ ደረቱ ላይ አድርጎ ሲመጣ ሲያይ ፈገግ አለ።

«ኧረ ደስ ሲል! ልደት ነው? ባለልደቷ የታለች?»

ሁሉም ቆመ። አባዬ ወደ ሰማይ አየ። እትዬ ዘርፉ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ቀድማን ገብታለች» አለች እማዬ።

«እሺ እናቴ፣ ግቡ ግቡ!»

ገባን። ስናልፍ ጀርባችንን አነበበ መሰለኝ። ዞር ስል ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞት ቆሟል።

መንሸራተቻው ከፎቅ ይረዝማል። ላይ ስወጣ ብረቱን ጨብጬ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ «ብራዘር፣ ወይ ውረድ ወይ ውረድ» አለኝ። ወረድኩ። ጮህኩ። ውሃው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ስወጣ እያለቀስኩ ነው ወይስ እየሳቅኩ፣ እኔም አልለየሁትም። ፊት ሁሉ እርጥብ ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። እዚያ ቦታ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

እትዬ ዘርፉ እንዳለችው በነጠላ ልትገባ ስትል ፊሽካ ተነፋባት። አዳዳ ጉዲቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ዘርፉ፣ ጾም ነው፣ ነጠላሽን አታጥምቂው!»

እማዬ የልጆቹ ገንዳ ዳር ተቀምጣ ነበር። ስፈልጋት ጫማዋን አውልቃለች። እግሯ ውሃ ውስጥ ነው። የቀሚሷ ጫፍ ረጥቧል፣ አልሰበሰበችውም። ምን እያሰበች እንደሆነ ልጠይቃት አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይበርዳል» አለች።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። እማዬ የጉዞውን ልብስ አጥባ ገመዱን ሞላችው። የአባዬ ቢጫ፣ የእኔ ቢጫ፣ የእሷ ሰፊው።

ቀጥሎ ጥቁር ቀሚስ። ቀጥሎ ሌላኛው ጥቁር ቀሚስ።

ሁለቱንም ባንዴ አጥባ አታውቅም።

ግቢ ውስጥ ሽርጥ አገልድማ የተረፈውን ውሃ እየደፋች ነው። የለበሰችው ትንሹን ነው። የሜቲን። ጠቧታል፣ ክንዷ ላይ ሊተረተር ደርሷል።

ቀሚሶቹ እስኪደርቁ ነው? ወይስ... አላውቅም። መሳቢያዬን ከፍቼ ያንን ጥቁር ቲሸርት አወጣሁ። «ይሄም አለ» አልኳት።

ሳትዞር እጇን ዘረጋች። «አምጣው፣ ውሃው አላለቀም።»