ከእረፍቱ በኋላ የጻፍከው

ውድ ዋልተርዬ፣

ከተለያየን ነገ ሁለት ወር ይሞላል። እንዴት ነህ አልልህም፤ መልስ የማይመጣበት ጥያቄ ምን ያደርጋል ብለህ ትቆጣኛለህ። አንባቢዎቼም ለዛሬ ይታገሱኝ፣ ወሬዬ ከባሌ ጋር ነው። ይህን ዓምድ በየወሩ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ሳነብልህ፣ አንተን ያማሁበትን ቦታ እዘል ነበር። ዛሬ አልዘልም።

ቤታችን ያው ነው። ሊፍቱ እንደገና ተበላሽቷል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ምስር ወጥ ተሸክመው አራት ፎቅ ወጡ። ብትቀምሰው ጨው በዝቶበታል ብለህ በአደባባይ ትጽፍባቸው ነበር። ለቅሶ የመጡት ሴቶች አላለቀሰችም ብለው አምተውኛል። አንዷ ኩሽና ውስጥ «ለፈረንጅ ባል እንዲህ ነው እንዴ የሚለቀሰው?» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ተይ አንቺ፣ ደንዝዛ ነው» አለቻት። እውነቷን ነው። ሻይ አፈላለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ኮትህ እንደተሰቀለ ነው።

ድሮም ኮት ነው ያገናኘን። እኔ እዚህ ለንደን ተማሪ ሆኜ ቴአትር ቤት በር ላይ የተመልካች ኮት እቀበል ነበር። አንተ አሜሪካ፣ በኦሃዮ ትንሽ ከተማ የሞት ማስታወቂያ በመጻፍ ጀምረህ፣ የቅዳሜ ዓምደኛ ሆነህ፣ በኋላ ተዋንያን ስምህን ሲሰሙ የሚርበደበዱልህ የቴአትር ሐያሲ ነበርክ። ጋዜጣህ ለአንድ ዓመት ብሎ ለንደን ላከህ። ፊትህን አጨፍግገህ ኮትህን ስትጠይቀኝ «ሰው ሁሉ እያጨበጨበ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አልኩህ። ሳቅህ ያን ቀን መጣ። አንዱ ዓመት ሃያ ስድስት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አንተ መተላለፊያው ጋ፣ እኔ በቀኝህ። በቴአትሩ መሀል ካለው እረፍት በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ይኸው ለአገር ተናገርኩት። ጨለማ ውስጥ ደብተርህ ላይ የሞነጫጨርከውን ከእኔ በቀር የሚያነብ አልነበረም፤ «የዶሮ ጭረት!» እያልኩ እየሰደብኩህ እተይብልሃለሁ። ሂስህ ውስጥ ደግሞ «እኔ» የሚል ቃል አታስገባም። አንባቢ የሐያሲውን ቤት ምን ቸገረው ትላለህ።

አለቃህ የመጨረሻ ሂስህን ተይቤ እንድልክለት ለመነኝ። ደብተሩን ለመክፈት እጄ እምቢ አለ። በመጨረሻ እስከ ዓርብ ካልደረሰ አይወጣም አለኝ፤ ሐሙስ ጠዋት ከፈትኩት። እስከ እረፍቱ ያለው ደህና ይነበባል። ከዚያ አንዲት መስመር አለች፦ «ተኛች። ከዚህ በኋላ በግራ እጅ።»

ከሷ በታች የዶሮ ጭረት ነው።

ሳጥንህን አውርጄ የድሮ ደብተሮችህን ገለጥኩ። ሁሉም ላይ ያው፤ ከእረፍቱ በፊት ቀጥ ያለ፣ ከእረፍቱ በኋላ የተንሻፈፈ። እኔ ጨለማውን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ጨለማው ግን ከእረፍቱ በፊትም ነበረ። ለካ ቀኝ ክንድህ ላይ ተኝቼብህ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልነቀነቅከኝም፣ ስሰድብህም ዝም። በሌሎቹ ደብተሮች ያቺ መስመር የለችም። በዚህኛው ላይ ማን እንደሚተይበው እያወቅህ ነው የጻፍካት።

ያኔም አላለቀስኩም። ተይቤ ጨረስኩና ዓርብ ጠዋት ላክሁት። ያቺን መስመር አወጣኋት፤ አንተም ታወጣት ነበር። ደብተሩ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ቴአትር እገባለሁ፣ አንተ ቦታ ላይ እቀመጣለሁ። ሁለተኛውን ክፍል ነቅቼ አያለሁ፣ ምን እንደመሰለም እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ብዕር ስይዝ ግራ እጄን ሞከርኩት፤ ፊደሎቼ ቁርጥ ያንተን መሰሉ። ይህቺን መጨረሻ በሱ ነው የጻፍኳት። ማተሚያ ቤቱ ቀጥ ያደርጋታል፣ አንባቢም አያውቅም፣ አንተ ግን እወቅልኝ፦ አልረሳህም።