የበቾ ቦሬ ዕድር ስም ጥሪ

ጥቅምት 8
ዕድራችን ዛሬ ከደብተር ወጣ። ድረ ገጹን ፍላስክ በሚባል የፕሮግራም መሣሪያ ሠራሁት፤ የአባላቱ መረጃ የሚቀመጠው ኤስኪውላይት የሚባል የመረጃ ቋት ላይ ነው። አንድ ፋይል፣ በቃ። ሰርቨር አይፈልግ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ... የዕድሩ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም ሲጠራ እኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ "ተገኝቷል" ወይም "ቀሪ" የሚለውን እነካለሁ። ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሰርዘዋል።

ዳኛችን ጋሽ ሣህሉ ይቺን ነበር የፈለጉት። "ከእንግዲህ አዳልተሃል የሚለኝ አለ?"

ጡሩምባ ነፊው ቦና ሳቀ። "እኔንስ በምን ልትተኩኝ ነው?"

ጥቅምት 14
የቡና ለቀማው ተጀምሯል። ግማሹ ሰፈር ቡና ወደሚበቅልባት ወደ የቡ ወርዷል። ጋሽ ሣህሉ፣ "ሰው በወኪልም ይገኝ፤ አንድ ቁልፍ ጨምርበት" አሉኝ። ከምሳ በኋላ ጨመርኩ። ነካሁት፤ አረንጓዴ ሆኖ "በወኪል ተገኝቷል" አለ። ጥሩ።

ጥቅምት 21
እማማ ጥሩአየሁን ልጠይቅ ገባሁ። ከአልጋ ከዋሉ ከረሙ። በልጅነታቸው ከሆሳዕና መጥተው እዚሁ አረጁ። ዘመድ የሚሏት የእህታቸውን ልጅ ጵርስቅላን ብቻ ነው። ለቅሶ ሲኖር እሷ ትሄድላቸዋለች። ዕቃ ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች።

"ዳጊ፣ ያ ማሽንህ ስሜን ያውቀዋል?"

"ያውቀዋል እማማ።"

"የቸርች ልጆች ይዘምሩልኝ። የሚሸከመኝ ግን ጎረቤት ነው። ስንቱን ሸኝቻለሁ መሰለህ... ጡሩምባዬ ተነፍቶ፣ ሰፈሩ ወጥቶ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ኅዳር 3
ፕሮግራሙ ከተጀመረ ሁለተኛው ለቅሶ አለፈ። ማታ ጋሽ ሣህሉ ደወሉ። አባላችን ጎሳዬ፣ በከተማችን መርካቶ ቡና የሚነግደው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሾፌሩን ልኮ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ቀሪ ይለዋል።

"ሾፌሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አስተካክለው።"

በእጄ አስተካከልኩ። ለምን ተሳሳተ? ነገ አያለሁ።

ኅዳር 4
አላየሁም። ሥራ በዛ።

ኅዳር 17
ሦስተኛው ለቅሶ። ለቀማ የወረዱት ተመልሰዋል፣ ጎሳዬም ራሱ መጣ። በወኪል የተገኙት እማማ ጥሩአየሁ ብቻ ነበሩ። ቁልፉን ነካሁ፤ አረንጓዴ ሆነ። ስም ጥሪው ሲያልቅ ግን የተሰረዘ ሰው ወጣ፦ ጥሩአየሁ።

ጋሽ ሣህሉ ተነስተው ጮክ ብለው አነበቡት። ጵርስቅላ ከዕቃ ማጠቢያው መጣች። እጇ አረፋ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።"

"ዳግማዊ፣ አንብብላት።"

አነበብኩ። ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ።

"ለንፍሮው ነው እኮ የምትመጣው!" አለ አንዱ ከኋላ። ድንኳኑ ሳቀ። የለቅሶ ድንኳን...

"ኧረ እኔ አይቻታለሁ!" አለ ቦና።

"አንተ ጡሩምባህን ንፋ" አሉት ጋሽ ሣህሉ። እንደገና ተሳቀ።

ጵርስቅላ ወደ እኔ ዞረች። ላፕቶፑን ዘጋሁ።

ኅዳር 18
ኮዱን ከፈትኩ። አገኘሁት። ኤስኪውላይት የተጻፈለትን የሚያጸናው "ኮሚት" ሲባል ነው። ካልተባለ፣ ግንኙነቱ ሲዘጋ የጻፈውን ይተወዋል፤ ምንም ያልተጻፈለት ሰው ደግሞ ቀሪ ይባላል። ገጹ እስኪዘጋ ድረስ ግን ያለ ይመስላል፤ አረንጓዴው ያ ነበር። በሌላው ቁልፍ ሁሉ ኮሚት ጽፌያለሁ። በወኪሉ ላይ ረስቻለሁ።

ማለትም የጠፋው መምጣት የማይችል ሰው ብቻ ነው። በሽተኛ፣ አሮጊት... ሆን ብዬ ብፈልግ እንኳ እንዲህ አድርጌ መምረጥ እችል ነበር?

አንድ መስመር ጨመርኩ። አሁን ይጸናል።

ኅዳር 19
ለጋሽ ሣህሉ ነገርኳቸው። ረጋ ብለው ሰሙኝ።

"ይሄን ማን ያውቃል?"

"እኔና እርስዎ።"

"እንግዲያው ማንም አያውቅም። በሙሉ ድንኳን ፊት ሰርዣቸው፣ ዛሬ ተሳስቻለሁ ልበል? ደብተሩን መልስ ይሉኛል። ጥር ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ ያኔ እንመልሳቸዋለን።"

"እስከዚያ ቢሞቱስ?"

"አታሟርት። ደግሞ የየቡ ገበሬዎች ማኅበር ሥራህን ሊያይ ነው፤ እኔ ነኝ የነገርኩልህ። ስምህን በገዛ እጅህ አታበላሽ።"

ሻይ አስቀዱልኝ። ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 2
እማማ ጥሩአየሁ አረፉ።

ጡሩምባ አልተነፋም። ቦና ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆሟል። "ማል ጎና? ምን ላድርግ ዳጊ? ጋሽ ሣህሉ ከነፋህ ትባረራለህ አሉኝ።" ድንኳን የለም። ቡና የሚሰጣበትን ሸራ ለምነን ወጠርን።

መጋቢው፣ ሁለት ዘማሪ ሴቶች፣ ጵርስቅላ፣ ቦና፣ እኔ። ሳጥኑ ከበደን፤ መንገድ ላይ እያሳረፍን ሄድን። ሰው በየበሩ ቆሞ ያያል። "ምነው?" አልኩት አንዱን ጎረቤት።

"ጡሩምባ አልሰማንም" አለ።

የጋሽ ሣህሉ በር ተዘግቷል። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ስንመለስ ጵርስቅላ ጠየቀችኝ። "ማሽኑ ለምን ረሳቸው?"

"አላውቅም" አልኳት።

ጥር 17
ጠቅላላ ጉባኤ። ጋሽ ሣህሉ፣ "በቴክኒክ ምክንያት ስማቸው የወጣ አንዲት አባል ተመልሰዋል" አሉ። ተጨበጨበ። ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

ከስብሰባው በኋላ ተከተልኳቸው። "ጋሼ፣ ሞተዋል እኮ። ሟች ብዬ ልመዝግባቸው?"

"ዕድሩ ቀብሯቸዋል?"

"አልቀበረም።"

"ደንቡን ታውቃለህ። ዕድሩ ያልቀበረውን ሰው ሞቷል ብለን አንመዘግብም። አባል ናቸው፤ አባል አድርገህ ተዋቸው።"

ተውኳቸው። የየቡ ሰዎች ፕሮግራሙ ሲሠራ ለማየት በሚቀጥለው ለቅሶ ይመጣሉ አሉኝ።

ጥር 25
የጎሳዬ እናት ሞቱ። ሁለት ድንኳን ተተከለ፣ መንገዱ በመኪና ተዘጋ። ቦና ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሲነፋ ነበር። ከየቡ የመጡት ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ጵርስቅላም አለች፤ የጎሳዬ ቤት ለዕቃ ማጠብ ቀጥሯታል።

ስም ጥሪ ተጀመረ። አቤት፣ አቤት፣ አለሁ... ጋሽ ሣህሉ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፦

"ወይዘሮ ጥሩአየሁ!"

ከጓሮ ይሰማ የነበረው የሳህን ድምፅ ቆመ። ጋሽ ሣህሉ አዩኝ።

"ቀሪ" አሉ።

ነካሁ። ወዲያው ጸና። ከየቡ ከመጡት አንዱ፣ "ፈጣን ነው" አለ።

ሰው ሲበተን ጵርስቅላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ስክሪኑን አየችው፤ የአክስቷን ስም፣ ከፊቱ ያለውን ቀይ "ቀሪ"። ማንበብ ትችላለች።

"አሁን ይሠራል?"

"ይሠራል" አልኳት።