በጡቴ ያሰርሁት ሩጫ

ታች ጋይንት፣ ጥር 1964 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ደጉ፣

«እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ጀምሬ ነበር። እጄ ለምዶ ጻፈው፤ ሰረዝሁት። ካረፍህ ነገ ዓመት ይሞላሃል። አባቴ ከዚሁ ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር ተምረው መጥተው ያስቆጠሩኝ ፊደል ዕድሜዬን ሁሉ ዳዊት ለመድገምና ላንተ ለመጻፍ ነው ያገለገለኝ፤ ዛሬም ሌላ መንገድ አላውቅም። ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው፤ ታገሠኝ። አንድ ቃል ጥዬብህ ነበርና እሱን ላነሣልህ ነው።

ገና ክቡር ዘበኛ ሳለህ የጻፍህልኝ ደብዳቤ እፊቴ ነው። «እምዬ፣ የቀኝ ጉልበቴ እያስቸገረኝ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ በሩጫ የምወዳደር አይመስለኝም» ትላለህ። ጓደኛህ እግሩ ሲከዳው የሚገባበት አጥቶ በጠጅ ቤት ደጃፍ መቅረቱን አይተህ፣ አንተ አስቀድመህ አስበህበት ነበር። የወንዙን ማሳ ለእኩል አራሽ እንዳልሰጥ፣ ሁለቱን ወይፈኖች እንዳልሸጥ አዘዝኸኝ። እንዳዘዝኸኝ አደረግሁ። ከግርጌው ደግሞ «ጧት ጧት ትንሽ ትንሽ እየሮጥሁ ሰውነቴን አስለምደዋለሁ» የሚል አለ። ያን መሥመር አንብቤ አለፍሁት። ያየሁት ልጄ ሊመጣ መሆኑን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 1961 ገባህ። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሮጠው መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሊያይህ ጎረፈ። አንተ እርሻውን ወደድኸው፤ በሬዎቹ ግን አንተን አልወደዱህም። እርፍ ጨብጠህ ስትነዳቸው እነሱ ያለከልካሉ፣ ትልሙ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አያ ማሬ ከማዶ ማሳቸው ቆመው፣

«አንተ! በሬ ዋንጫ አይፈልግም እኮ፤ ገለባ ነው የሚፈልገው!» አሉህ።

«አያ ማሬ፣ እርስዎ እንዳይቀድሙኝ ብዬ ነው።»

«እኔማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኋለኛ ነኝ፤ ጎተራዬ ግን ሙሉ ነው!»

ስትስቅ እዚህ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር።

በገባህ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያ ነገር የመጣው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው በጧት አይሮጥም። ከሮጠ መርዶ ይዟል። አንተ ይህን በከተማ ኑሮ ረሳኸው፤ እኔም ላስታውስህ አልታወሰኝም። ጎህ ሲቀድ ሸራ ጫማህን አድርገህ በስማዳ መንገድ እስከ ሾላው ዛፍ ሮጠህ ስትመለስ፣ ጎረቤታችን ጌጤ ከደጇ ሆና አየችህ። ስማዳ ያሉት እናቷ ታመው ነበር። «እናቴን! እናቴን!» ብላ ጮኸች። ልታረጋጋት ወደ እሷ ስትሮጥ ጭራሽ ባሰባት። አገር ተሰበሰበ፣ ደረት ተደቃ። ለቀብር ገስግሰው ስማዳ የደረሱት ዘመዶች ግን አሮጊቷን ምስር ሲለቅሙ አገኟቸው። «በቁሜ አለቀሳችሁኝ?» ብለው አንድ ወር ሙሉ ልጃቸውን አላነጋገሯትም።

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አፈርሁ። ጌጤ በሰው መካከል፣ «ልጅሽ ሩጫ ካማረው ዋንጫ ወደሚሰጡት አገር ይሂድ!» አለችኝ። ወደ አንተ ዞርሁ። «በጠባኸው ጡት፣ ሁለተኛ እንዳትሮጥ!» አልሁህ።

«እሺ እምዬ» አልህ። ጫማህን ከምሰሶው ላይ ሰቀልኸው።

ከዚያ በኋላ እርሻውን ለመድኸው። ትልምህ ቀና። አያ ማሬ እንኳ «አሁን ከበሬው ተግባባህ» ብለው መረቁህ። ሰው ሁሉ ደጉ አገሩን ለመደ አለ። እኔ ግን አይህ ነበር። አርብ ገበያ ስንሄድ እርምጃህ ይፈጥንና፣ ራስህን እንደ በቅሎ ለጉመህ ትመልሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትቀመጥ እግርህ ብቻውን መሬቱን ይመታል። አንድ ቀን ሽሮ እያቀረብሁልህ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አልሁህ።

«ምንም አይደል። አሠልጣኛችን ‹ሩጫ እንደ ጡት ነው፤ በአንድ ቀን አይጣልም፤ ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ተዉት› ይለን ነበር» አልኸኝና እጅህን ታጠብህ።

እኔ ጡት ያስጣልሁህ በስንት ጭንቅ፣ በስድስት ወር ነው። አንድ ቀን ስከለክልህ፣ አንድ ቀን ሳዝንልህ። ሩጫህን ግን በአንድ ቃል ነጠቅሁህ። ሽሮውን ባቀረብሁልህ ዕለት «በል ሩጥ» ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የሰዉን ወሬ ፈርቼ ዋጥሁት።

አምና በጥር ገብስ ስትወቃ አያ ማሬ ከአውድማው ተጣሩ። «አመተ ማርያም! ደጉ ወደቀ!» ኋላ ልብ ነው ያለ አለ፣ ምች ነው ያለም አለ። እኔ ማንንም አልጠየቅሁም። ሮጥሁ። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ፣ እግሬ ደማ፣ ሮጥሁ። ጌጤ ከደጇ ሆና አየችኝ። ማንም ምንም ሳይነግራት ጮኸች። ያን ቀን አልተሳሳተችም።

ንስሐ አባቴን አባ ወልደ ገብርኤልን ስለ ቃሌ ጠየቅኋቸው። «በአፍሽ ያሰርሽውን በአፍሽ ፍቺው» አሉኝ። አፌን ስከፍት ልቅሶ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ በእጄ አደረግሁት።

ትናንት ለሙት ዓመትህ እህል ስናበጥር ጌጤ ሰፌዱን አስቀመጠች። «እቴ፣ ምነው በየጧቱ በሮጠና በየጧቱ በከንቱ ባለቀስሁ» አለችኝ። እኔም ቂሜን ያን ጊዜ ተውሁት።

ዛሬ ጫማህን ከምሰሶው አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። ነገ ከቅዳሴ በፊት ይዤው እስከ ሾላው ደርሼ እመለሳለሁ። ቀስ ብዬ ስለምሄድ የሚያየኝ ሰው አይደነግጥም። አንተ ግን ቀስ አትበል ልጄ። በጠባኸው ጡት ያሰርሁህን በዚያው ጡት ፈትቼሃለሁ። ባለህበት ሩጥ።

ከሾላው ሥር ትንሽ ቆሜ መንገዱን የማየው
እናትህ አመተ ማርያም