ሣራችንን አጭደን ስላሳሳትንዎ

ለተከበሩ የግዛቱ የካውንቲዎች ጥናትና ልማት ቢሮ ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ቢሮዎ ስለ እኛ ባሳተመው መግለጫ ላይ እኛ እንደምንታየው ያማረ ይሁንልዎ፤ ቤተሰብዎም እንደዚያው። ከመግለጫው ውጭ የምንኖረው እኛም ደህና ነን፤ እዚህ አገር ሰው ሲጠየቅ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ መልስ ስላልለመደ ማለቴ ነው።

ስሜ አርዲስ ሆልቨርሰን ይባላል። በብሬንዳል ከተማ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን የምጫወተው እኔ ነኝ። የሠርግ ዜማ ከተጫወትሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ ጣቶቼ ረስተውታል፤ የቀብሩን ግን በእንቅልፍ ልቤም አልስተውም። ይህን የምነግርዎ ስለ ሕዝብ ብዛት የመናገር ሥልጣን ከየት አመጣሽ እንዳይሉኝ ነው።

ስለ ካውንቲያችን ሕዝብና ኢኮኖሚ ያሳተማችሁትን ባለ ቀለም መጽሔት ፖስታ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ሽፋኑ ላይ ያለው የስንዴ ማሳ እጅግ ያምራል፤ የእኛ ባይሆንም። ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሀብታም ስላደረጋችሁን እናመሰግናለን። የአንድ ቤተሰብ አማካይ ገቢያችን በአንድ ጊዜ ተመንድጎ ባየሁት ጊዜ ግራ ገብቶኝ ጎረቤታችንን ዴልበርትን ጠየቅሁት። ከወንዙ ማዶ ያለውን መሬት ጠቅልሎ የገዛው ሰውዬ፣ ክረምት ከበጋ ሙቅ አገር የሚኖር ቢሆንም፣ አድራሻውን እዚህ ስላስመዘገበ ነው አለኝ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከሰውየው ጋር እኩል ተካፍለናል። እሱ ግን እስካሁን የሰማ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ የሕክምና ተቋም ከቤታችን በአማካይ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ እንደሚገኝ ጽፋችኋል። እውነት ነው፤ ይገኛል። በሩ ላይ ሰንሰለት አለበት።

ሦስተኛውን ሳልጽፍ በፊት ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ ነው። ከመቶ ቤቶቻችን መካከል ሰው የማይኖርባቸው አራቱ ብቻ እንደሆኑ፣ ስለዚህም ካውንቲያችን «የተረጋጋ» እንደሆነ አስታውቃችኋል። ያሳሳትናችሁ እኛ ነን፤ ያሳሳትናችሁም ሣር በማጨድ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ ወይም ልጆቹ መጥተው ወደ ከተማ ሲወስዱት፣ ቤቱን ዳዋ አናስወርሰውም። ወንዶቹ ተራ ገብተው ሣሩን ያጭዳሉ። ሴቶቹ መጋረጃውን አጥበን መልሰን እንሰቅላለን፤ በረንዳው ላይ አበባ እናኖራለን፤ መብራቱም ሲመሽ በራሱ እንዲበራ እናደርጋለን። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አይከፍለንም። የሌኖራ ኦርትማን ቤት ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ሌኖራ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ባለቤቴ ቨርሊን ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የእኛን ሣር ሳይነካ በፊት የእሷን ያጭድ ነበር። ለምን እንደምንደክም የጠየቀን ቢኖር፣ መንገደኛ ሲያልፍ «እዚህ ሰው የለም» እንዳይል ብለን ነው እንለው ነበር። ያለፈው መንገደኛ የእርስዎ ባለሙያ ሆነና፣ እውነትም አላለም።

ባለሙያው አምና ሰኔ ላይ መጥቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ በመኪናው መስኮት እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎናል። ግን አልወረደም። የታጨደ ሣር ባየበት ቤት ሁሉ ቤተሰብ አስገባበት፤ ለያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰው ከሲሶ። ቨርሊን መጽሔቱን ካነበብሁለት ወዲህ፣ የሌኖራን ግቢ በዞረ ቁጥር ያንን ሲሶ ሰው አጥሩ ሥር እየፈለገ ያስቀኝ ነበር።

ሳቃችን ብዙም አልቆየም። ለሚመናመን ካውንቲ ክሊኒክ የሚሰጠው ድጎማ ለተረጋጋ ካውንቲ አይሰጥም ተባለና የእኛው ክሊኒክ በመጋቢት ተዘጋ። እዚያ ውስጥ ኩላሊት የሚያጥቡ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩ። ከአንዱ አጠገብ ያለው ወንበር በሳምንት ሦስት ቀን የቨርሊን ወንበር ነበር።

ከዚያ ወዲያ እጥበቱ ከተማ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ወጥተን ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት እንገባለን። የምነዳው እኔ ነኝ። ሲሄድ፣ የማን በቆሎ እንደዘገየ፣ የማን አጥር እንደዘመመ እየተቸ ያጫውተኛል። ሲመለስ ግን ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ድምፁ አይሰማም፤ በየመሐሉ እጄን ሰድጄ መተንፈሱን አያለሁ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ እየሆነ መንዳት ያስፈራል።

በሚያዝያ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰብን። ዴልበርት ተነሥቶ፣ ዘንድሮ የባዶ ቤቶቹን ሣር እንተወው፣ መጋረጃውም ይውረድ፣ መብራቱም ይጥፋ፣ ያ ባለሙያ ተመልሶ መጥቶ እንደሆንነው ይየን አለ። አንገታችንን ደፍተን ተስማማን። እምቢ ያለ ሰው ቨርሊን ብቻ ነበር፤ ነገሩ የታሰበው ለእሱ ሆኖ ሳለ።

«ለእኔ ኩላሊት ብላችሁ የሌኖራን ደጅ ዳዋ አታልብሱት» አለ። «ሴትየዋ አንድ አረም ግቢዋ ውስጥ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።»

ዴልበርትም ሳያየው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሌኖራ ሞታለች፤ አንተ ግን ገና ነህ» አለው። ቨርሊን ተቀመጠ።

ያን በጋ የከተማችንን መልክ አየነው። ሣሩ ጉልበት አለፈ፤ ከዚያ ወገብ ደረሰ። ማታ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ በመንገዳችን ላይ የሚታየን መብራት የእኛና የዴልበርት ብቻ ሆነ። እኔ ሟቾቹን ሁሉ በኦርጋን የሸኘሁ ሴት፣ እንዲህ ብዙ መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። አለቀስሁ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ሁላችን ፈርመን፣ ባለሙያዎ ተመልሶ እንዲያየን ለቢሮዎ አመለከትን።

መልሳችሁ በነሐሴ ደረሰን፤ ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚካሄድ፣ እስከዚያው የታተመው ቁጥር የጸና እንደሚሆን ገልጻችሁልናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ እርስዎን ሞኝ አልልም።

ቨርሊን መልሱን ሁለት ጊዜ አነበበና ጠረጴዛው ላይ ተወው። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ማሽኑን እየገፋ መንገዱን ተሻገረ። ክንዱ በመርፌ ብዛት ሌላ ሰው የሚሠራውን ሥራ የሚችል አልነበረም፤ ጥቂት ያጭድና የሌኖራ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሣል። ዴልበርት ላግዝህ ቢለው እምቢ አለው። ሲጨርስ መሽቶ ነበር።

ሰኞ የእጥበት ቀን ነው። መኪናውን አስነሥቼ ጠበቅሁት። ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«አርዲስ፣ ሞተሩን አጥፊው» አለኝ። «መንገድ ላይ የምኖረው ኑሮ በቃኝ። እዚሁ ቤቴ ልቀመጥ።»

ከተማ እንግባ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል እንከራይ ብዬ ለመንሁት። በእናቱ ስም ለመንሁት።

«ለዴልበርት ደግሞ ሌላ የሚታጨድ ቤት ልጨምርበት?» አለ።

ሞተሩን አጠፋሁት። በዕድሜዬ ካደረግሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ብዙም አልሰነበተም፤ መስከረም ሲገባ አረፈ። በቀብሩ ላይ ኦርጋኑን የተጫወትሁት እኔው ነኝ። የባሏን ቀብር ሚስት አትጫወትም የሚል ሰው አልነበረም፤ በካውንቲው ውስጥ ሌላ የሚችል የለምና።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ተነሥቼ ነበር፤ የት እንዳደረስሁት ጠፋኝ። ምናልባት ይህ ነው፦ ቨርሊን ከሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ጋር ስለሄደ፣ የካውንቲያችን አማካይ ዕድሜ በጥቂቱ ወርዶ ወጣትነታችን ይጨምራል፤ ከሥራ ውጭ የሆነውና የሕመምተኛው ቁጥርም እንዲሁ ይሻሻላል። ለመጪው እትም ይጠቅማል ብዬ ነው። ስለ ድካማችሁ ደስ ይበላችሁ።

ጠረጴዛዎ ከወረቀት፣ በርዎ ከሚያንኳኳ ሰው እንዲጠበቅልዎ እየተመኘሁ፣ በመግለጫዎ መሠረት በቤቴ ውስጥ ከሚኖሩት ሁለት ሰው ከሲሶ መካከል የቀረሁት አንዷ፣ የተረጋጋችውና አክባሪዎ፣

አርዲስ ሆልቨርሰን
ብሬንዳል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ውጭ የማሽን ድምፅ ሰማሁ። ዴልበርት ነው፤ የእኔን ሣር እያጨደ ነው። ለካስ ወንዶቹ ከቀብሩ ወዲህ ወደ ማጨዱ ተመልሰው፣ ቤታችንም ከባዶዎቹ ቤቶች ጋር ተራ ገብቷል። ወጥቼ «እኔ እኮ ገና አለሁ» ልለው አሰብሁና፣ በዚያች ደግነቱ ላሳፍረው አልፈለግሁም። ለእርስዎ ግን ከወዲሁ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። አምስት ዓመት ብዙ ነው። ባለሙያዎ በተመለሰ ጊዜ ሣሬን ታጭዶ፣ መጋረጃዬን ታጥቦ፣ መብራቴን በርቶ ያገኘዋል። እባክዎ፣ ያን ጊዜ እንኳ ከመኪናው ይውረድና በሩን ያንኳኳ። የሚከፍትለት ካጣ፣ «ባዶ» ብሎ ይጻፈን።