አልነሣ ያለው የአያ ደምሴ ላፕቶፕ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የምከሰው ብሎን ነው። ከሩዝ ቅንጣት ያንሳል። የላፕቶፑን አቧራ ሳራግፍ ወደቀ፤ የወደቀውም ሊለቀም ሰፌድ ላይ በተሰጣ ሩዝ ውስጥ። ፎገራ ላይ ሩዝ ውስጥ ብሎን ፍለጋ። ባለቤቴ ተወው፣ ጥርስህ ያገኘዋል አለችኝ።

ላፕቶፑ የታላቅ ወንድሜ የአያ ደምሴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ልጁ ሰብለ ከባሕር ዳር ላከችው። ዘገምተኛ ሆኗል፣ አዲስ ሲስተም ጫንልኝ፣ የአባዬን ድምፅ ግን አደራ አለች። እኔ በልጅነቴ ከበሬ ጀርባ ርብ ወንዝ ውስጥ መውደቄን እየሳቀ የሚተርክበት ነው። ቅጂው ሌላ ቦታ የለም። እሱንስ ባጠፋው ደስ ባለኝ አልኋት። አልሳቀችም።

ከሰዓት

ተጫነ። ተነሣ። አያ ያለበትን የዲስክ ክፍል አልነካሁም። ከመዝጋቴ በፊት ባዮሱ ውስጥ፣ ማለት ከሲስተሙ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ፣ ዓመቱን 2017 አደረግሁት። ማሽኑም ያገሩን ዘመን ይቁጠር። ሰብለ ስታየው ትስቃለች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አልነሣም አለ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ሜሞሪውን አውጥቼ ጠርጌ መለስሁ። ያው። መብራት ሄደ።

ሰብለ ደወለች። ፍልሰታ አይደል፣ ጾም ይዞ ነው የማይናገር አልኋት። ሳቀች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ቀብሩም ላይ እንዲሁ ነበርሁ፤ ሰው ሲያለቅስ የድንኳኑን ገመድ አጠብቅ ነበር።

እናቴ ከሜዳው ማዶ፣ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ናት። የሙት ድምፅ አልሰማም፣ ነፍሱን አትረብሹት ብላለች። ይሁን። ደግሞ ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል፤ ብትፈልግም መምጫ የላት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

መብራት መጣ። ጽሑፉን መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል አነበብሁት። ትናንት ነበር ማንበብ። ይህ ዲስክ መጨረሻ የተከፈተው ገና ባልደረሰ ጊዜ ነው ይላል። አላምነውም፣ አልነሣም።

የኔ 2017። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎትቼዋለሁ። የቆለፈው ቀልዴ ነው።

መፍትሔው ቀላል። ባዮሱን ከፈትሁ፣ ዓመቱን አረምሁ። የቀረ አንድ ቁልፍ መጫን። ጣቴ እላዩ ላይ ነው፣ አልጫነውም። በዚህ ማሽን ዘመን አያ ደምሴ አልሞተም። አሁን እርሻው ላይ ሩዝ ያርማል፤ ስለ ብሎኑ ብነግረው ለሰፈር ያወራብኛል። ዕንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ። የለም።

በር ተንኳኳ። ቆይ።

እናቴ ናት። ማንም አልላከባትም። ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ ጫማዋ በእጇ። እግርሽን ልጠብሽ ብላት እንቢ አለች። ደጅ እንደ ቆመች ላፕቶፑን አሻግራ አየችው።

“ተናገረ ወይ?” አለችኝ።

አሁን ይናገራል፣ እማዬ፣ ግቢ። ቁልፉን ልጫን።