ዳኛውን ሳላደርስልህ

ታዴ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። አርባህም መንፈቅህም ወጥቷል፤ ልጃችን ሰላም ሁሉንም እንደ ወጉ አድርጋለች፣ አንተን የሚያሳፍር ነገር አልጎደለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ እጄ እምቢ ብሎኝ ብቻ አይደለም። የዋሸሁህ ነገር አለ። እሱን ዘልዬ ስለ ቤቱና ስለ ጎረቤቱ ባወራልህ ማስመሰል ሆነብኝና ቆየሁ።

አሁንም በአንድ ቁጭታ አልጨርሰውም። እስክሪብቶው ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ነው የምይዘው፤ ሦስት መስመር እጽፍና አሳርፋለሁ። ቁርጥማቱ ብሷል። የግራ እጄ ጣቶች ጨርሶ አልዘረጋ ብለዋል፤ የቀኙም ጠዋት ጠዋት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ካልነከርኩት የበር እጀታ አያዞርም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆቴል አንሶላ ሲያጥፍ የኖረ እጅ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ልበለው።

ቤቱ ያው ነው። ያንተን ወንበር ሰላም ጀርመንታውን ወዳለው ቤቷ ልትወስደው መጥታ ነበር፤ ውሻህ ዳኛው ተኝቶበት አልነሳም ሲላት ትታው ሄደች። አዎ፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ የፈቀድኩለትም እኔ ነኝ። እንደምትስቅ አውቃለሁ። ከውሻ መጠለያው ያመጣኸው ቀን፣ ሥዕለ አድኅኖ ባለበት ቤት ውሻ አይገባም ብዬ ሁለት ቀን ያኮረፍኩህ እኔው ነበርኩ። አንተ ደግሞ ቅንድቡን ቋጥሮ ሲያይህ ፍርድ ሊሰጥ የተቀመጠ መሰለህና ዳኛው አልከው። አራት ዓመት ሙሉ ከማዕድህ እያነሳህ ስታጎርሰው፣ ጉርሻ ለሰው ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ ኖርኩ።

አሌክሳንድሪያ ነርሲንግ ሆም፣ ያ የሕሙማን መጦሪያ፣ ካስገባንህ በኋላ የነበረውን ነው የምነግርህ። ሐኪሙ እኔንና ሰላምን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ቢበዛ ሦስት ወር ነው ብሎን ነበር። ይህን አንተም ሳትጠረጥረው አልቀረህም። በየቀኑ ስመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ስለ ዳኛው ነበር፤ በላ ወይ፣ ወጣ ወይ፣ ይፈልገኛል ወይ። አንድ ቀን ብቻ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ፣ «አንድ ጊዜ ባየው» አልከኝ። ሌላ ምንም አልለመንከኝም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ስትለምነኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኃላፊዋን ጠየቅኳት። ተፈትኖ ወረቀት ያልያዘ ውሻ ፎቅ ላይ አይወጣም አለችኝ። ቴራፒ ዶግ ይሉታል፤ ሕመምተኛ ጠያቂ ውሻ መሆኑ ነው። ወደ ግቢው እንዳናወርድህ ከኦክስጅኑ መላቀቅ አትችልም ነበር። እንግዲያው አስተምሬ አስፈትነዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሰላም በዚህ እጅሽ እንዴት አድርገሽ ብላ ተቆጣችኝ። ልጃችን አንዳንዴ እውነት አላት፣ ያን ቀን ግን አልሰማኋትም።

እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ዴብራ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሾችን ታሠለጥናለች። ስምንት ሳምንት ይፈጃል አለችኝ። እኔ ከሦስቱ ወር ላይ ስምንት ሳምንት ቀንሼ የሚተርፈውን አሰላሁ፤ ይበቃል አልኩ። ማሰሪያውን መጨበጥ ስለማልችል በመቀነቴ ወገቤ ላይ አስሬው ሄድኩ። ዴብራ አይታ፣ ይህ ለፈተና አይፈቀድም፣ ደግሞ አንድ ቀን ድመት ሲያይ ይዞሽ ይወድቃል አለችና በክንዴ የማጠልቀው ሰፊ ማንገቻ ሰፍታ አመጣችልኝ። ሥልጠናው ዳኛውን አላስቸገረውም፤ ያስቸገረው እኔን ነው። ክራንች አጠገቡ ሲወድቅ አይደነግጥም፣ ዊልቸር ሲመጣ መንገድ ይለቃል፣ ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል። እኔ ግን ማሰሪያውን ቆልፌ ለመፍታት ብቻ ከቤት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መነሳት ነበረብኝ። ከሥልጠናው ወጥቼ፣ መሪውን በእጄ አንጓ እየገፋሁ፣ በዚያ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና አንተ ዘንድ እመጣለሁ። ባየሁህ ቁጥር ከስተህ ነበር የማገኝህ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። አንተ ከቤት ስትወጣ ዳኛው ሳህኑን አልነካም ብሎ እንደነበር ታስታውሳለህ። በሦስተኛው ቀን ስነግርህ አጉርሺው አልከኝ። ያቺ ጉርሻ ለሰው ነው ስትል የኖረች ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጣ ውሻ አጎረሰች። ጣቶቼ እንደምታውቃቸው ባዶም ሆኑ ሙሉ ጉርሻ እንደያዙ ተሰብስበው ነው የሚውሉት። ዳኛው መብል ይኑር አይኑር ለማወቅ በጥርሱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይከፍታቸዋል። አያመኝም ነበር። ሐኪም እንኳን ሳያስጮኸኝ የማይከፍተውን እጅ እሱ ሲከፍተው እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ከአንተ መጥቼ ማታ ራቴን ስበላ ያለኝ ጨዋታ ያ ብቻ ነበር።

ይህን ለዴብራ አልነገርኳትም። ውሻ ታጎርሳለች እንዳትለኝ አፍሬ ነው። እሷ የእኛን ነውር ከየት ታውቀዋለች? በጊዜው ነግሬያት ቢሆን ኖሮ በጊዜው ታስተወው ነበር።

የፈተናው ቀን ሁሉንም አለፈ። የቀረው አንድ ነበር፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠች ሴት እጇን ልትሰጠው፣ እሱም በጨዋነት ሊዳሰስላት። እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ እንደ እኔው የተሰበሰቡ ነበሩ። የእውነት ሕመምተኛ ትሁን ወይ ለፈተናው ብላ ሰብስባቸው እንደሆነ አላውቅም። ዳኛው አይቷት አንገቱን ሲያሰግግ ሊያደርግ ያሰበውን አወቅኩ። ተው ማለት ነበረብኝ። ዘገየሁ። ቀረባትና ጣቶቿን በጥርሱ ይከፍት ጀመር። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ፈታኙ ግን አልሳቀም። ጥርስ የሰው እጅ ከነካ ሌላውን ሁሉ ቢያልፍም ወድቋል አለኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰሽ ሞክሪ ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የቀረህን ቆጠርኩ። ስድስት ሳምንት አልነበረህም።

በማግስቱ ፈተናው እንዴት ሆነ ስትለኝ፣ በረዶ ጥሎ ተላለፈ አልኩህ። በመስኮትህ ፀሐይ ወለል ብላ ትታይ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ነው የጣለው ብዬ ጨመርኩበት። አንተ መስኮቱን አየህ፣ እኔን አየህ፣ ከዚያ «ግድ የለም፤ ሲደርስ ይደርሳል፤ አታስጨንቂው» አልከኝ። ማወቅህን አውቄያለሁ። አውቄም እውነቱን ልነግርህ አልቻልኩም፤ ተስፋ የምትቆርጥ መስሎኝ ነው። አሁን ሳስበው ተስፋ የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ።

እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ ላንተም ለሰላምም አልተናገርኩም። ጉርሻውን በአንድ ቀን አቋረጥኩበት። ዳኛው ሁለት ቀን ተኩል ሳህኑ ፊት ተኝቶ እኔን ሲያየኝ ዋለ። የእኔን እጅ ባሸተተ ቁጥር ተው እላለሁ፣ እሱ ፊቱን ያዞራል፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። በሦስተኛው ቀን በላ። እየተሻሻለ ሄደ፤ አንተ ደግሞ እየደከምክ ሄድክ፤ እኔም በሁለታችሁ መካከል ስሮጥ ከረምኩ። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሳለ ነርሷ ደወለችልኝ።

ለቀስተኛ ሲመጣ ዳኛውን መኝታ ቤት አስገብቼ ዘጋሁበት። ሦስቱንም ቀን በሩን ሲቧጥጥ፣ በሐዘን ቤት ውሻ ምንድን ነው እያሉ አጉረመረሙ። እኔም ጠምጄው ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ወር ሙሉ ዓይኑን ማየት አስጠላኝ። እሱ ምን አጠፋ፣ ያስተማርኩትን ነው ያደረገው። ሰላም «ማሚ፣ ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ ኬር አደርገዋለሁ» አለችኝ። ልሰጣት ዕቃውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። በዚያ ሰሞን ዴብራ ስለ ሁለተኛው ፈተና ደወለች። ባሌ ሞቷል፣ ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው አልኳት። ባትመጪ ማንም አይወቅስሽም አለችኝ። እልኬን ታውቀዋለህ፤ ማንም አይወቅስሽም ስትለኝ እኔ ራሴን ስወቅስ እንዳደርኩ አላወቀችም። የዳኛውን ዕቃ ከሻንጣው መልሼ አወጣሁ፣ የጉርሻውንም ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር የተሰበሰቡ እጆችን ብቻ ስናስለምደው ከረምን፤ የእሷን፣ የእኔን፣ የጎረቤቶቿን።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ያችው ሴትዮ ያችኑ እጇን ዘረጋች። ዳኛው አፍንጫውን አስጠጋ። ማሰሪያው ክንዴ ላይ ሲወጠር ተሰማኝ፤ ተው አልኩ፣ ድምፄ ወጣ አልወጣ እርግጠኛ አይደለሁም። አሸተታት። ጊዜው ረዘመብኝ። ከዚያ አገጩን ጭኗ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ፈታኙ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ልቀበለው እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ዴብራ ተቀበለችልኝ።

ለእኔ የሚቀርብ ቦታ ሞልቶ ነበር፤ አሌክሳንድሪያን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ በዚያ ሊፍት ከዳኛው ጋር ወጣን። ሦስት ክፍል ገባን። አንዲት አሮጊት ጆሮውን ይዛ አለቅም አለችው፤ እሱም ቆመላት። ከዚያ ያንተ በር ደረሰ። ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውስጥ የማላውቀው ሰው ተኝቷል። ቆምኩ። አንድ ነገር ያደርጋል ብዬ ዳኛውን አየሁት፤ ምን ያደርጋል ብዬ እንደሆነ እንጃ። አልቆመም። አላሸተተም፣ ጆሮውንም አላቆመም። በሩን እንደ ሌላው በር አልፎ ሲሄድ ማሰሪያው ክንዴን ጎተተኝ።

ከየት ያውቀዋል? መቼ አምጥቼው?

ይቅር በለኝ ታዴ። በየሐሙሱ እንመጣለን ብዬ ፈርሜያለሁ። ዳኛው ያንን በር መቶ ጊዜ ቢያልፈው አንተ እዚያ ተኝተህ ስሙን ትጠራ እንደነበር አያውቅም፤ ሊነግረው የሚችልም የለም። የማውቀው እኔ ነኝ። ይህ ክንዴ ማሰሪያ እስከያዘልኝ ድረስ በሩ ላይ ስደርስ ትንሽ አቆመዋለሁ፤ እሱ ምን እንደምንጠብቅ ሳያውቅ ይቆማል፣ እኔ አስታውስሃለሁ።

ያንተው እቴነሽ