ምንም የማትሠሩበት ሰዓት

ሰኢዴ፣ የሒክማ አባት፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። አላህ በራህመቱ ተቀብሎህ ከእኛ የተሻለ ቦታ እንዳለህ ነው የማምነው፤ እዚያ ደግሞ እንደ ጋምቤላ አይሞቅም። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፣ አፍሬ ነው። በመጨረሻው ሳምንት፣ አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ፣ ልጄን አደራ ስትለኝ ከእሷ የሚቀድምብኝ ነገር የለም ብዬህ ነበር። አደራህን የጠበቅሁ እየመሰለኝ ነው ያጠፋሁት። ዛሬ ጥፋቴን ልነግርህ ተቀምጫለሁና እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሱቁ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ስትፈታና ስትገጥም የኖርከው ማራገቢያ ጭራሽ እምቢ ብሎ በአዲስ ተተካ። በግራ በኩል ያለውን መደርደሪያ አጎበርና ጀሪካን ሞልቼበታለሁ፤ ቦታ አይበቃም እያልክ ትከራከረኝ ነበር፣ ይኸው በቃቸው። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ እስኪሰለቸን አፈራ። ሒክማ አሥር ዓመት ሞላት። ቅንድቧ ያንተ ነው፤ ሲከፋት ዝም ማለቷም ያንተው ነው። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። ይህን ስትሰማ ደስ ይልህ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔና አንተ አጥብቀን የተጣላንበት ነገር አንድ ብቻ እንደነበር ታውቃለህ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መንገዱን ባዶ ስታስቀረው የሰፈራችን የኒውላንድ ሱቆች ሁሉ ይዘጋሉ። ሌላው ነጋዴ ምሳውን በልቶ እስከ ዘጠኝ ጋደም ይላል። የኔ ባል ግን ሒክማን ከትምህርት ቤት ይቀበልና፣ ምሳ ተበልቶ ዙህር እንደተሰገደ፣ እጇን ይዞ ወደ ባሮ ወንዝ ይወርዳል። አጁሉም ትከተላችኋለች፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ የሒክማ እኩያ፣ አኝዋክኛውን እንደ ውሃ እያፈሰሰች። ድሮ መርከብ ይቆምበት ከነበረው በታች ካለው ዛፍ ጥላ ሥር እግርህን ዘርግተህ ትቀመጣለህ። ልጆቹ ጭቃ ያቦካሉ፣ ላም ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንተ ምንም አታዛቸውም፣ ምንም አታስተምራቸውም፣ ከጥልቁ ውሃ እንዳይጠጉ ብቻ በዓይንህ ትጠብቃቸዋለህ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስከ ጉልበታችሁ ጭቃ ሆናችሁ ስትመለሱ በሩ ላይ ቆሜ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ እላችኋለሁ። አንተና ልጅህ እኩል «ምንም» ትሉና ትስቃላችሁ። ወላሂ ያ ሳቅ ያበግነኝ ነበር። የሰው ልጅ እንግሊዝኛ ይማራል፣ ኮምፒውተር ይማራል፣ የኔ ልጅ ጭቃ ታቦካለች እል ነበር። አባቷ ራሱ ልጅ ነው ብዬ ለእህቴ ስልክ ደውዬ አምቼሃለሁ። አፉ በለኝ።

ከቀብርህ በኋላ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ የቤቱ ሲመለስ፣ ሒክማ ከምሳ በኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሱቁ በር ላይ መቀመጥ ጀመረች። ማንንም አትጠይቅም፣ አታለቅስም፣ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ቀና ስል ቦታዋ የለችም። በዚያ ፀሐይ እየሮጥኩ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ክረምት ነው፣ ባሮ ሞልቶ ደፍርሶ ይወርዳል፣ እሷ ከዛፉ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። አንተን ለበሽታ ሰጥቻለሁ፤ እሷን ለውሃ አልሰጥም አልኩ። ደግሞም የምታስብበት ጊዜ ካጣች ሐዘኑ የሚለቃት መሰለኝ። እኔ ራሴ ያደረግሁት ያንን ነበር። በሙቀቱ ሰዓት ሱቅ መዝጋት ትቼ ቀኑን ሙሉ እከፍት ነበር፣ ገዢ ኖረም አልኖረ። ለማን ብዬ ልዝጋው?

ፕሮግራሙን በገዛ እጄ ጻፍኩት። በካርቶን ጀርባ፣ በማስመሪያ፣ በሁለት ቀለም። ከትምህርት ቤት መልስ ከስምንት እስከ አሥር አስጠኚ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ተኩል እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የቁርአን ቂርአት፣ ማታ የቤት ሥራ። ቅዳሜ ጧት ኮምፒውተር፣ ከሰዓት ሒሳብ። እሁድም አለላት። እንዳልበድላት ብዬ አንዲት ሳጥን ተውኩላትና በቀይ «ነፃ ጊዜ፦ እሁድ ከዘጠኝ እስከ አሥር» ብዬ ጻፍኩባት። ካርቶኑን ገበያተኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀልኩት። ሴቶቹ ሳሙና ሊገዙ መጥተው ያደንቁኝ ነበር፤ አንዷማ ወረቀት ይዛ መጥታ ገለበጠችው። እኔም ኩራቴን አልደብቅህም፣ ያለ አባት የማሳድጋትን ልጅ ተመልከቱልኝ ማለቴ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር መጣሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አጁሉ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን መጣች። ሰኞ መጣች፤ ሒክማ አስጠኚው ጋ ናት አልኳት። ረቡዕ መጣች፤ እንግሊዝኛ ላይ ናት አልኳት። ዓርብ ደግሞ ፌስታል በደረቷ ታቅፋ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ አልጠየቅኋትም፣ ዕቃ እያራገፍኩ ነበር። ወደ ካርቶኑ ጠቆምኩና «እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነይ፣ ያኔ ነፃ ናት» አልኳት። ጽሑፉን ትንሽ አየችው። ከዚያ ፌስታሉን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔም አንስቼ ከመደርደሪያው ሥር ወሸቅሁትና ረሳሁት፤ ከላዩ የሳሙና ካርቶን ጫንኩበት።

እሁድ ሒክማ ከዘጠኝ በፊት ፊቷን ታጥባ በሩ ላይ ቆመች። አጁሉ ትመጣለች ብያታለኋ። ዘጠኝ ሆነ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አሥር ሲሞላ ማንም ሳይጠራት ተነሥታ ገባች፣ ደብተሯን ከፈተች፣ መጻፍ ጀመረች። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ጎበዝ ልጅ ነው ያልኩ።

በማግሥቱ ሰማሁ። የአጁሉ አባት ኢታንግ ወረዳ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ቅዳሜ ጧት ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። ልጅቱ ሦስት ቀን የተመላለሰችው ልትሰናበት ነበር። ያኔ ፌስታሉ ትዝ አለኝ። አወጣሁት። ሁለት የጭቃ ላሞች አሉ፣ ቀንዳቸው ተሰብሯል። ከእነሱ ጋር አንድ ሰው አለ፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ፣ ከነነጠላ ጫማው። አንተ ነህ፣ ሰኢዴ። ሆድህን እንኳን አልተወችውም። አንድ እግርህ የሳሙናው ካርቶን ሥር ተሰብሮ ተገኘ። ለሒክማ ሳሳያት አገላብጣ አየችው። ብታለቅስ ወይ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችህና ቂርአት እንዳይረፍድብኝ ልሂድ ብላ ጠየቀችኝ።

ካርቶኑን ያን ዕለት ማታ አወረድኩት። ቂርአቷን አላስቆምኳትም፣ ሒሳቡንም በሳምንት ሁለት ቀን ትማራለች፣ ትምህርት ክፉ ሆኖ አይደለም። የቀረውን ግን ሁሉንም ተውኩት። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ዛሬ ምንም የለብሽም፣ ተጫወቺ አልኳት። ጓሮ ወጣች። ማንጎው ሥር ትንሽ ቆማ ተመለሰችና «እማ፣ ምን ልጫወት?» አለችኝ። አንተ ብትኖር ምን ትላት እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ምንም አትላትም ነበር። እኔ ግን ሩዝ ልቀሚ አልኳት።

ኢታንግም ወሰድኳት። አንድ እሁድ ሱቁን ዘግቼ በሚኒባስ ሄድን፣ ጠይቀን ቤታቸውን አገኘን። እናቷ ደስ ብሏት እጄን ይዛ አልለቅም አለች። አጁሉ ሮጣ መጣችና በአኝዋክኛ ታወራ ጀመር፣ እንደ ድሮው በፍጥነት። ሒክማ ግማሹን አልያዘችውም፤ በአማርኛ መለሰችላት። ያ ጭቃ እያቦካች የተማረችው ቋንቋ፣ ማንም ሳያስጠናት፣ እኔ በሌላ ትምህርት ስሞላት ከአፏ ጠፍቷል። አጁሉም ቶሎ ገባት፣ ወንበር አመጣችላት። አየህ፣ ወንበር። እንደ እንግዳ። ከዚያ የሰፈሯ ልጆች ከውጭ ሲጠሯት ሁለት ጊዜ ወደ እነሱ ዞር ብላ አየች፣ እኛን ትታ ላለመሄድ ግን ተቀመጠች። በመንገድ ስንመለስ ሒክማ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ እያልኩ ነው ጋምቤላ የገባሁት።

አሁን ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁን እዘጋለሁ። ጎረቤት ነጋዴዎቹ ደከመሽ እንዴ ይሉኛል። ከዙህር በኋላ እጇን ይዤ እወርዳለሁ፣ እዛው ዛፍህ ሥር። መቀመጡ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እጄ የሚደረድረው ዕቃ ይፈልጋል፣ ልቤ ሱቁን ያስባል። አንተን ሰነፍ ስልህ የኖርኩት ይህን ሥራ ሳላውቅ ነው። የዓሣ አጥማጆቹ ልጆች አጠገባችን ይንጫጫሉ፣ ሒክማ ታያቸዋለች እንጂ አትጠጋም። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ያቦካችውን ጭቃ ሰጠቻትና ተቀበለቻት።

ስንመለስ በሩ ላይ፣ እንደ ድሮዬ፣ ምን ስትሠሪ ቆየሽ አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመችና ቆጠረችልኝ፤ እግሯን ታጥባለች፣ አንድ ላም ሠርታለች፣ ሰባት ጀልባ ቆጥራለች። ለአስጠኚዋ መልስ የምትሰጥ መሰለችኝ። ጎበዝ ልላት አፌ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

እግርህን በባሮ ጭቃ ለጥፌልሃለሁ፤ ትንሽ ጠማማ ሆነ እንጂ ይዟል። ድሮ ካርቶኑ ከተሰቀለበት ቦታ አስቀምጬሃለሁ። አንተን የማስታውስህ በሰደቃና በዱዓ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በር በመዝጋትም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንመለስም ያንኑ ጥያቄ እጠይቃታለሁ፤ አንድ ቀን ጭቃ በጭቃ ሆና፣ እየሳቀች፣ «ምንም» እስክትለኝ ድረስ።

ዘሃራህ